ዓይናችን የት አርፏል?

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩህ በጣም አዛኝ በሆነው

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ሱረቱል ማዑን ሰባት አንቀጾች ብቻ ያሏት አጭር ምዕራፍ ናት። አብዛኞቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን ይዘናት በሶላታችን እንቀራታለን። በዚህች አጭር ሱራ ውስጥ ታዲያ የቲምን መገፍተር፣ ከሶላት መዘናጋትና ሥራን ለሰው ይታይልኝ ማለት ጎን ለጎን ተወስተዋል። ምን አገናኛቸው? ለሰው ዓይን የሚሰግድ ሰው የጌታው ትእዛዝም ሆነ የየቲሙ ረኀብ አይታየውም፤ ዓይኑ በሌላ ነገር ተይዟልና።

ከአላህ የሚያዘናጋን ነገር ብዙ ጊዜ በራሱ ሐራም አይደለም። በሱረቱል ሙናፊቁን 9ኛ አንቀጽ ለምእመናን የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ገንዘባቸውንና ልጆቻቸውን የሚመለከት ነው፤ ሁለቱም የአላህ ጸጋዎች ናቸው። ሱቁ ላይ ገበያተኛ በዛ ተብሎ መግሪብ ይዘገያል፤ ስልኩን ለአፍታ ብሎ ያነሳ ሰው ዐስር ያልፈዋል።

ምቀኝነት የሚገባውም በዚሁ በር ነው። ወደ ዐረብ አገር የሄደች የጎረቤት ልጅ በላከችው ገንዘብ የወላጆቿ ቤት ሲታደስ ስናይ ልባችን ይረበሻል። ያየነው አዲሱን ቆርቆሮ ነው፤ በሰው ቤት ስትለፋ ያነጋችባቸውን ሌሊቶች አላየንም። ከዚያም «እኛስ ከማን እናንሳለን?» እንላለን። ለየቲሙ የታሰበው የወሩ ገንዘብ «በሚቀጥለው ወር አካክሰዋለሁ» ተብሎ ለሶፋ ቀብድ ይከፈላል። የየቲሙ ቤት ኪራይ ግን የሚቀጥለውን ወር አይጠብቅም።

ዑለሞች ሐሰድን ከጊብጣ ይለያሉ። ሐሰድ የሌላው ጸጋ እንዲወገድ መመኘት ሲሆን፣ ጊብጣ ከእርሱ ሳይጎድል ለራስም መመኘት ነው። ይህ ሁለተኛው በሶሓቦች ዘንድ ምን መልክ እንደነበረው አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ ያሳየናል። ድሆች የሆኑ ሙሃጂሮች ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀርበው፣ ባለሀብቶቹ ምንዳውን ሁሉ እንደወሰዱት አመለከቱ። እንደ እነርሱ ይሰግዳሉ፣ እንደ እነርሱ ይጾማሉ፤ በዚያ ላይ ከትርፋቸው ሰደቃ ይሰጣሉ፣ ባሪያ ነጻ ያወጣሉ። ልብ በሉ፤ የቀኑት በግመሉና በልብሱ አይደለም። ነብዩም ከእያንዳንዱ ፈርድ ሶላት በኋላ ሠላሳ ሦስት ሠላሳ ሦስት ጊዜ ተስቢሕ፣ ተሕሚድና ተክቢር እንዲያደርጉ አስተማሯቸው። በሙስሊም ዘገባ እንደተጨመረው ባለሀብቶቹም ይህን ሰምተው ያንኑ ማድረግ ጀመሩ። ድሆቹ ተመልሰው ሲናገሩ፣ ነብዩ ይህ አላህ ለሚሻው የሚሰጠው ችሮታ መሆኑን ነገሯቸው። ቅሬታ የተጀመረበት ነገር ሁለቱንም ወገን ወደ ዚክር መራቸው።

ዛሬ በእኛ መካከል የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ወንድም «እገሌ አሥር የቲሞችን ይረዳል፤ የእኔ ጥቂት ብር ምን ትጠቅማለች?» ብሎ ያፍርና ጭራሹን ያቆማል። (እኛ የበጎ አድራጎት ሰዎችም በየመድረኩ የለጋሾችን ስም ከነገንዘቡ እየጠራን ይህን በሽታ ሳናባብስ አልቀረንም።) አላህ ዘንድ ይበልጥ የሚወደደው ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው እንደሆነ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በየወሩ የሚበላ ልጅ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

የነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) አስተዳደግ እናስታውስ። አባታቸው ሳይወለዱ ሞቱ፤ እናታቸውን በስድስት ዓመታቸው ገደማ አጡ፤ ከአያታቸው ከዐብዱል ሙጦሊብ ሞት በኋላ ያሳደጋቸው አጎታቸው አቡ ጧሊብ ነበር። አቡ ጧሊብ ባለጸጋ አልነበረም፤ ብዙ ልጆችም ነበሩት። ከእርሱ የበለጠ ሀብት የነበራቸው አጎቶች እያሉ የቲሙን ያስጠጋው የእርሱ ቤት ነው።

የቲም ለምታሳድጉ እናቶችና ዘመዶችም አንድ ቃል አለን። በዒድ ማለዳ ልጁ የጎረቤቱን ልጅ አዲስ ልብስ አይቶ ሲያለቅስ «ከአንተ የባሰ አለ» ብሎ ዝም ማሰኘት አይገባም። በዱንያ ጉዳይ ከበታቻችን ያለውን እንድንመለከት መታዘዛችን እውነት ነው፤ ይህ ግን አዋቂ ለራሱ የሚያዘው መድኃኒት ነው። ልጁን መጀመሪያ እቅፍ አድርጉት። ነብዩም የቲም እንደነበሩ ንገሩት፤ ያለውን ልብስ አጥባችሁ አልብሱትና እጁን ይዛችሁ ወደ ዒድ ሶላት ውሰዱት።

ለጋሾች ደግሞ የየቲሙን ድርሻ ደመወዝ ወይም የሱቅ ገቢ በእጃችሁ በገባበት ዕለት፣ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ። የሶፋውን ዋጋ ከዚያ በኋላ ጠይቁ።

ወላሁ አዕለም።