ምግብ ደዌን ይከላከላልን? ይፈውሳልን?

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ተማሪ ቤቶች የጤና ትምህርት

ሰው የሚበላው ረኃቡን ለማስታገሥ ብቻ አይደለም። ሥጋው የሚገነባው፣ ደሙ የሚታደሰው፣ እጁና እግሩ የሚበረታው በሚበላው ነገር ነው። ስለዚህ ምግብ ሲጐድል ወይም መርዝ ሲኖርበት ሰውነት ይታመማል። በዚህ ነገር ግን ብዙ ሰው በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንዱ ደዌና ምግብ አይገናኙም ብሎ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ሁለተኛው ደዌ ሁሉ በምግብ ይድናል ብሎ ሐኪምን ይተዋል። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው። ምግብ አንዳንዱን ጽኑ ደዌ ፈጽሞ ሊያስቀር ይችላል፤ ደዌው ከገባ በኋላ ግን ምግብ ሊመልሰው የማይችልበት ጊዜ አለ። ይህም በሦስት ምሳሌ ይታያል።

1ኛ፤ ስለ ጓያ

ጓያ ጠንካራ እህል ነው። ዝናም ቢያጥር አይደርቅም፤ ውሃ በተኛበት መረሬ መሬትም ይበቅላል፤ ብዙ እርሻ አይፈልግም። ሌላው አዝመራ በድርቅ ሲጠፋ ጓያ ይተርፋል። የድኻ ቤት መጠጊያ የሆነውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ሌላ እህል በጠፋበት ዓመት ጓያን ብቻ መብላት ስለሚመጣ፣ አደጋው የሚነሣው ከዚሁ ነው።

በጓያ ፍሬ ውስጥ ሊቃውንት ኦዳፕ የሚሉት መርዝ አለ። ጥቂት ጓያ ከሌላ ምግብ ጋራ ቢበላ ጉዳቱ አይታይም። ነገር ግን ጓያ ከዕለቱ ምግብ ሢሶውን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ይዞ ሁለትና ሦስት ወር ሲዘልቅ፣ መርዙ ከአንጐል በአከርካሪ ወርዶ እግርን የሚያዝዘውን ነርቭ ሊጐዳ ይችላል። ሰውዬው ማታ ደኅና ተኝቶ ጧት እግሩ ይከብደዋል፤ ወይም በእርሻ ላይ ሳለ ጉልበቱ ይከዳዋል። ባቱ ይገተራል፤ ሲራመድ እግሮቹ ይጠላለፋሉ። አንዳንዱ በአንድ ምርኩዝ፣ አንዳንዱ በሁለት ምርኩዝ ይሄዳል፤ የባሰበትም በእጁ ይድኻል። ብዙ ጊዜ የሚመታው በጉልበቱ ሥራ የሚያድረው ጐልማሳ ነው። ደዌው አይገድልም፤ አእምሮንም አይነካም፤ ሽባነቱ ግን ዕድሜ ልክ ይቀራል።

ይህ ነገር ከሩቅ አገር የተሰማ ብቻ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በጣና ዙሪያ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በጓያ ሽባ ሆኗል። ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮም ከጋይንት በስተምሥራቅ፣ በወሎ በደላንታና በዳውንት፣ አዝመራ ከተበላሸ በኋላ ደዌው እንደ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር።

በአንዳንድ ሰፈር የጓያ እንፋሎት እግርን ይመታል፣ ወይም በጓያ ማሳ ላይ የረገጠ ሽባ ይሆናል ይባላል። ይህ ስሕተት ነው። በ1935 ዓ.ም. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ዛሬ በዩክሬን ውስጥ በሚገኘው በቫፕኒያርካ እስር ቤት፣ ጠባቂዎቹ ለእስረኞቹ ለከብት የሚሰጠውን ጓያ ያበሉአቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች ጓያን አልዘሩም፤ አላጨዱም፤ በሉት እንጂ። ብዙዎቹ እግራቸው ተያዘ። ከእስረኞቹ አንዱ የነበሩት ዶክተር አርተር ኬስለር ምክንያቱ ምግቡ መሆኑን ተረድተው ገለጡ። ምግቡ ሲለወጥ አዲስ ሽባ መሆን ቆመ፤ አስቀድሞ ሽባ የሆነው ግን ብዙው እንዲሁ ቀረ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ የሚያሳምመው መብላቱ ነው፤ መተዉም የሚጠቅመው ጉዳቱ ሳይደርስ ነው።

እንግዲህ ጓያ ፈጽሞ አይዘራ፣ አይበላ ቢባል፣ ሌላ የሌለው ቤተሰብ ምን ይበላል? ስለዚህ አበላሉን ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ይበልጥ የሚያሰጋው በእሸቱ፣ በቆሎና በንፍሮ የሚበላው ጓያ ነው። ከሌላ እህል ጋራ የተቀላቀለው፣ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶበት በወጥ የተሠራውም ስጋቱ ያንሳል። ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ በጓያ ውስጥ የሚጐድለውን ሥጋ ገንቢ ነገር ይሞላሉ። ስለዚህ ባለቤት የሆነ ሁሉ ይህን ይጠብቅ፤

ሀ. ለሦስት ቁና ሌላ እህል ከአንድ ቁና የሚበልጥ ጓያ አይቀላቅል።

ለ. ጓያውን በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን ይድፋ፤ ሲቀቅልም እንዲሁ ያድርግ። መርዙ በከፊል ከውሃው ጋራ ይወጣል፤ ሁሉም ግን አይወጣም።

ሐ. ጐተራው ሳይራቆት ገና በመከሩ ጊዜ ጥቂት ገብስ ወይም ስንዴ ለክረምት ያስቀር። ጓያውን ሸጦ ሌላ እህል መግዛት የሚችልም እንዲሁ ያድርግ።

መ. ለእረኛ ልጅና ለአራሽ የጓያ ቆሎ ብቻ ስንቅ አይስጥ።

ሠ. እግር መክበድ፣ ባት መገተር ወይም መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጓያን በዚያው ቀን ይተው፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይሂድ።

በቢሾፍቱ ከሚገኘው የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል መርዙ ያነሰበት ዋሴ የሚባል ዘር ወጥቷል። ሆኖም መርዙ በድርቅ ጊዜ ሊጨምር ስለሚችል፣ ጥሩ ዘርም ቢሆን ጥንቃቄን አያስቀርም።

በጓያ ሽባ የሆነውን ሰው ማንም አይናቀው። ደዌው በመንካት አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። አእምሮውና እጁ ደኅና ስለሆኑ ሽመናም ስፌትም ትምህርትም ይችላል።

2ኛ፤ ስለ ጨው

ዝናምና ጐርፍ አፈሩን ባጠበው ደጋ አገር፣ በእህሉና በውሃው ውስጥ አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሳል። አዮዲን ያነሰው ሰው አንገቱ ያብጣል፤ ይህም እንቅርት የሚባለው ነው። ከእንቅርት የሚብሰው ግን የማይታየው ጉዳት ነው። እርጉዝ ሴት አዮዲን እጅግ ቢጐድላት፣ የሚወለደው ልጅ አእምሮው ሳይጠነክር፣ አንዳንድ ጊዜም ደንቆሮ ሆኖ ይቀራል። ከተወለደ በኋላ ይህን ጉዳት የሚመልስ ምግብ የለም። ለመከላከል ግን የሚበቃው በየቀኑ በወጥ ውስጥ የሚገባ፣ አዮዲን የተጨመረበት ጥቂት ጨው ነው። በኢትዮጵያ ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. በደንብ ተደንግጓል። ጨው ከገበያ ሲገዛ አዮዲን ያለው መሆኑ ይጠየቅ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡም ሊወጣ ሲል ይጨመር።

3ኛ፤ ስለ ስኳር ሕመም

የስኳር ሕመም የምግብን ኃይልና የምግብን ወሰን አንድነት ያሳያል። ዓይነቱ ሁለት ነው ቢባል፣ በአንደኛው ሰውነት ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር ማውጣት ይተዋል። ኢንሱሊን በመድኃኒትነት ሳይገኝ በፊት ሐኪሞች እንዲህ ያሉትን ልጆች ምግብ እጅግ ቀንሰው ያቆዩአቸው ነበር፤ ዕድሜያቸው ጥቂት ቢረዝምም ከሞት አላመለጡም። በ1914 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊን በመርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ለበሽተኛ ልጅ ተሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው በሽተኛ መኖር ቻለ። በሁለተኛው ዓይነት ግን፣ ይልቁንም ሰውነቱ በወፈረው ሰው፣ ምግብን መመጠንና መሥራት ስኳሩን በብዙ ያወርዳሉ። ስለዚህ አንዱ በምግብ ተሻለኝ ብሎ ሲናገር፣ ሌላው ሰምቶ መርፌውን ቢተው ሊሞት ይችላል። መድኃኒት የሚቀነሰው በሐኪም ቃል ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ሦስቱ ምሳሌዎች አንድ ነገር ያስተምራሉ። ምግብ ትልቅ ጠባቂ ነው፤ ጥበቃው ግን የሚሠራው አስቀድሞ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ይስማማል። በጥቅምት አንድ ቁና ገብስ ያስቀረ አባት፣ በነሐሴ የልጁን እግር ያድናል። ደዌው ከገባ ግን ሐኪም ይጠየቅ፤ ምግብም የሐኪም ረዳት ይሁን እንጂ ምትክ አይሁን።

ለተማሪዎች ጥያቄ

1. ጓያ በችግር ዓመት ከሌላው እህል ይልቅ የሚበላው ስለ ምንድር ነው?
2. የቫፕኒያርካ እስረኞች ታሪክ የእንፋሎቱን ወሬ ስሕተትነት እንዴት ያስረዳል?
3. በቤትህ ያለው ጨው አዮዲን ያለበት መሆኑን በምን ታውቃለህ?
4. በምግብ የሚቀር፣ ነገር ግን በምግብ የማይድን ደዌ ሁለት ጥቀስ።