ድምፅን በድምፅ ማጥፋት፦ የጭስ ማውጫ ትምህርት

አይሱዙ የጭነት መኪና ከሲቀላ ሰፈር ወደ ሴቻ ሰፈር ዳገቱን በከባድ ማርሽ ሲወጣ የሚያጓራው ብረቱ ሳይሆን ጭሱ ነው። የጭስ ቫልቩ በተከፈተ ቁጥር የታመቀ ጋዝ ወደ ቧንቧው ይለቀቃል፤ እያንዳንዱ ልቀት አንድ የግፊት ምት ነው። ምቶቹ ሲከታተሉ ጆሯችን እንደ አንድ ወፍራም ድምፅ ይቀበላቸዋል።

ቁጥሩን እንያዝ። ባለ 4 ሲሊንደር፣ ባለ 4 ምት (ፎር ስትሮክ) ሞተር በአንድ ዙር 2 ጊዜ ያቃጥላል። በደቂቃ 3000 ዙር ማለት በሰከንድ 50 ዙር ነው፤ ስለዚህ በሰከንድ 100 ልቀት፣ ማለትም 100 ኸርዝ ይሆናል።

ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ፣ ቀጭኑን ድምፅ በደንብ ይውጠዋል። ወፍራሙ ግን ሞገዱ ረጅም ነው፤ በተራ አየር ውስጥ የ100 ኸርዝ ሞገድ 3.4 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ በጋለ ጭስ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ይህን በማርሚታ ብቻ ዝም ለማሰኘት ወይ ሰፊ ክፍል ያስፈልጋል፣ ወይ የጭሱን መንገድ ማጥበብ። መንገዱ ከጠበበ ዳገት ላይ ሞተሩ ይታፈናል።

ጀርመናዊው ፓውል ሉዌግ በ1933 እ.ኤ.አ. ለፓተንት ያቀረበው ሐሳብ ሌላ ነው። ግፊቱ ከፍ ሲል ዝቅ የሚል፣ ዝቅ ሲል ከፍ የሚል ሁለተኛ ድምፅ ብንጨምር አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ዛሬ በመኪና ላይ ሲሠራ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር ተከታትሎ መጪውን ምት ያሰላል። ስፒከሩ ጭሱ ከሚያልፍበት ቧንቧ ጎን በወጣ ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ መሀል መንገድ ላይ ቢሆን ሙቀቱና ጥቀርሻው ወዲያው ይጨርሱት ነበር። ቧንቧው ጫፍ ላይ ያለው ማይክሮፎን የተረፈውን ድምፅ ሰምቶ ስሌቱን ያርማል። (የሚያስቀው፣ አውዲ ይህን የመሰለ ስፒከር በአንዳንድ የናፍጣ መኪኖቹ ጭስ ማውጫ ላይ የገጠመው ድምፅ ለመጨመር ነው።)

አሁን ከባዱ ነጥብ። ሁለተኛው ድምፅ ኃይሉ እኩል ሆኖ ቢዘገይስ? መዘግየቱ ከዑደቱ አንድ ስድስተኛ ካለፈ ድምፁ መቀነሱ ቀርቶ ይብስበታል። በ100 ኸርዝ አንዱ ዑደት 10 ሚሊሰከንድ ስለሆነ 1.7 ሚሊሰከንድ ያህል ፋታ አለን፤ በ1000 ኸርዝ ግን 0.17 ብቻ። ዘዴው ለወፍራሙ ድምፅ የሚመረጠው፣ ቀጭኑ ለማርሚታው የሚተወው ለዚህ ነው። ቋሚ ፍጥነት የሚስማማውም ለዚሁ ነው፤ ወደ ዶርዜና ጨንቻ በሚወስደው ጠመዝማዛ ዳገት ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ዙሩ ይዘላል፣ ስሌቱም አብሮ መሮጥ አለበት።

«ጉልበቱ የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ደህና ጠይቋል። አልጠፋም፤ ከፊሉ ወደ ሞተሩ አቅጣጫ ይመለሳል፣ ከፊሉን ስፒከሩ ራሱ ይውጠዋል።

በእኔ ግምት ሙዝ ለሚጭን አይሱዙ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው፤ የተቀደደውን ማርሚታ ማስበየድ ይቀድማል። ቀዳዳው ከስፒከሩ በፊት ከሆነማ ድምፁ ሳይነካ ስለሚያመልጥ ኮምፒውተሩም ምንም አይፈይድም።

ባጃጁን ራሳችሁ አስሉት፦ 1 ሲሊንደር፣ 4 ምት፣ ያው 3000 ዙር። 25 ኸርዝ ታገኛላችሁ። ፋታው ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ይህን ያህል ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር ትልቅ ስለሆነ ከባጃጅ ሥር ቦታ አያገኝም።