ከሩቅ የሚመጣ ሥዕል የሚያወጣው ምስጢር

«ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። ምሳሌው የተነገረው ለችኩል ሰው ቢሆንም፥ ዛሬ በየኪሳችን ይዘነው ለምንዞረው ስልክም የሚስማማ መሆኑን የተረዳሁት በራሴ ላይ ከደረሰው ነገር ነው። ለጓደኞቼም ለወላጆችም ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ የተማርሁትን ባጭሩ እጽፋለሁ።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር፥ በልደታ ባለው ቤታችን ሳለሁ፥ በኢሜይል አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። በውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል ማግኘቴን የሚናገርና ያማረ ማኅተም ያለበት ነበር። ማክሰኞ ማታ ሁለት ጊዜ ከፍቼ አነበብሁት፤ ነገር ግን ስለ ተጠራጠርሁ መልስ ሳልሰጥ ዘጋሁት። ሐሙስ ዕለት ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። «ማክሰኞ ማታ ደብዳቤያችንን ሁለት ጊዜ ካነበቡ በኋላ ስለ ምን ዝም አሉ? የመመዝገቢያውን ገንዘብ ፈጥነው ይላኩ» ይላል። እጅግ ደነገጥሁ። ከእኔ በቀር ስልኬን የሚነካው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ስለ ሆነ፥ «አንተ ነህ የጻፍህላቸው!» ብዬ ተቈጣሁት። ልጁ እያለቀሰ ቢምልም አላመንሁትም። አባቴ ይህን ሰምተው፥ «በፍርድ ቤት ጎረቤት እየኖርሽ ምስክር ሳትሰሚ ትፈርጃለሽን? ይልቅስ መምህርሽን ጠይቂ» አሉኝ።

በማግሥቱ የኮምፒዩተር መምህራችን ደብዳቤውን መርምረው ወንጀለኛውን አገኙት። ከመጨረሻው መሥመር በታች ከአንዲት ነጥብ የማትበልጥ፥ ቀለሟም ከገጹ የማይለይ ሥዕል ተቀምጣለች። በዓይን አትታይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ገጽ ላይ የምናየው ሥዕል ሁሉ ከገጹ ጋር አብሮ የተቀመጠ አይደለም። ብዙ ጊዜ በገጹ ላይ የተጻፈው የሥዕሉ አድራሻ ብቻ ሲሆን፥ ሥዕሉ ራሱ ሰርቨር በሚባል በሌላ ኮምፒዩተር ውስጥ ይኖራል። ስልካችን ገጹን በከፈተ ጊዜ አድራሻውን አንብቦ፥ እኛን ሳይጠይቅ፥ ሥዕሉን ሊያመጣ ወደዚያ ይሄዳል። እናት ልጇን ስኳር እንዲያመጣ ወደ ሱቅ ስትልክ፥ ባለሱቁ የማን ልጅ እንደ ሆነና በስንት ሰዓት እንደ መጣ ያያል። ሰርቨሩም እንደ ባለሱቁ ነው፤ ጥያቄው የመጣበትን የአይፒ አድራሻ፥ ቀኑንና ሰዓቱን፥ የስልኩንና የብራውዘሩን ዓይነት በመዝገቡ ይጽፋል። ቀደም ብሎ ኩኪ የሚባለውን ምልክት አኑሮ እንደ ሆነ፥ ያው እንግዳ ተመልሶ መምጣቱን ያውቃል። ለእያንዳንዱ ተቀባይ ልዩ ልዩ አድራሻ ያለው ሥዕል ከተላከ ደግሞ፥ ደብዳቤው የተከፈተው በማን ስልክ እንደ ሆነ ይለያል። የእኔም ነገር ይኸው ነበር።

መምህራችን በተግባር ሊያሳዩን ብለው አንዱን ኮምፒዩተር ሰርቨር አደረጉና የአበባ ሥዕል አኖሩበት። ጓደኛዬ በሌላው ኮምፒዩተር ገጹን ስትከፍት፥ በመጀመሪያው ላይ ሰዓቱ፥ ደቂቃውና ሴኮንዱ ሳይቀር ተጽፎ ወጣ። እርሷ ግን ያየችው አበባውን ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ከመጠን በላይ መፍራትም አይገባም። የአይፒ አድራሻ የቤት ቁጥር አይደለም፤ አገሩንና የኢንተርኔት ኩባንያውን፥ አንዳንድ ጊዜም ከተማውን ያመለክታል እንጂ በየትኛው ኮንዶሚኒየም እንደምንኖር አይናገርም። ፌስቡክና ቴሌግራም ሰዎች የሚሰቅሉትን ፎቶግራፍ በራሳቸው ሰርቨር ስለሚያስቀምጡ፥ የሰቀለው ሰው የተመልካቹን አይፒ አያይም። ጂሜይልም ከታኅሣሥ 2006 ዓ. ም. ጀምሮ ሥዕሎችን በራሱ ሰርቨር በኩል እያመጣ የተቀባዩን አይፒ ይሸሽጋል፤ የተከፈተበት ሰዓት ግን ሊታወቅ ይችላል። የእኔም ኢሜይል ጂሜይል ስለ ሆነ፥ ላኪዎቹ ጊዜውን እንጂ ቦታውን አልጠቀሱም። ኩባንያዎቹ ራሳቸው ግን አያዩንም ማለት አይደለም። ፌስቡክ እ. ኤ. አ. በ2015 ያወጣው ፒክስል የተባለ መሣሪያ፥ በሌሎች ድርጅቶች ድረ ገጽ ላይ ተቀምጦ የጎብኚዎችን ነገር ለፌስቡክ ያስታውቃል።

ሥዕልን ወጥመድ ማድረግ ለአገራችን ሰዎችም አዲስ አይደለም። በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በመጋቢት 2005 ዓ. ም. ባወጣው ጥናት፥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም በዚያን ጊዜ ተቃዋሚ የነበረውን የግንቦት 7 ንቅናቄ ሰዎች ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ እንደ ተላከ ገልጿል። ይህ ከእኔዋ ነጥብ እጅግ የከፋ ነው። ነጥቢቱ የምትናገረው ደብዳቤው መከፈቱን ሲሆን፥ ያኛው ግን ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ ባለቤቱን የሚሰልል ነው።

በ1987 ዓ. ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 በፖስታ፥ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የምንላላከው ሁሉ እንዳይደፈር ደንግጓል። በ2016 ዓ. ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ነገር ግን ሕግ ቢኖርም በሩን የሚዘጋው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ፥

1ኛ/ በኢሜይላችሁ ማስተካከያ ውስጥ፥ ከውጭ የሚመጡ ሥዕሎች ከመታየታቸው በፊት እንዲጠይቃችሁ አድርጉ።

2ኛ/ ከማታውቁት ሰው የመጣ ፋይል ፎቶግራፍ ቢመስልም አትክፈቱ።

3ኛ/ «ማንበብህን አውቀናል» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ አትደንግጡ፤ ገንዘብም አትላኩ።

በዚያው ዕለት ማታ የሆነውን ሁሉ ለቤተ ሰቡ አስረድቼ፥ በእናትና አባቴ ፊት ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም፥ «እኔን ከምትቈጪ አስቀድመሽ ነጥቧን ብትፈልጊ ምን ነበረበት?» አለኝ። መልስ አላገኘሁለትም። ጓደኞቼ ሆይ፥ ስልካችን ሳንልከው ወዴት እንደሚሄድ ብናውቅ፥ ምስጢራችንን ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳችን ያለንንም መተማመን እንጠብቃለን።