ፊልም መተረክና ፊልም መገምገም

ሳሪስ ታክሲ ሰልፍ ላይ «ፊልሙ እንዴት ነው?» ስንባል ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ እንተርካለን። ይሄ ሂስ አይደለም። መጀመሪያ የፊልሙን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። የጀሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» (እ.ኤ.አ. 2021) የሐረርን ጫት በጥቁርና ነጭ ምስል ቀስ ብሎ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ልብ ሰቃይ ታሪክ የፈለገ ይሰለቻል። የስፔናዊው ሚጌል ያንሶ «ክራምብስ» (እ.ኤ.አ. 2015) ደግሞ ሳይንሳዊ ልቦለድ ስለሆነ «እውነት አይመስልም» ብሎ መውቀስ ትርፉ ድካም ነው።

«ድፍረት» (እ.ኤ.አ. 2014) ግን ይለያል። ዘረሠናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው በእውነተኛ የጠለፋ ጉዳይ ላይ ነው። ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት አገኘ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ምርቃቱ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ባለታሪኳ መብቴ ተነካ ብላ ነበር። ታዲያ ሽልማቱን ብቻ ጽፎ ይህን የዘለለ ገምጋሚ ለማን ነው የጻፈው?