የዋቱ ቁጥር የት ገባ? ለመኪና ቤዝ ስፒከር ሲመረጥ ፊዚክስ የሚለው

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ወደ ቢሯችን መጣ። ከተመረቀ በኋላ ከታላቅ ወንድሙ ጋር በሽርክና አንድ ሚኒባስ ገዝተው በታክሲነት ያሠራሉ። ለጎማ መግዣ ካስቀመጡት ገንዘብ ላይ አንሥቶ፣ «1200 ዋት» የሚል ጽሑፍ በትልልቁ የታተመበት ቤዝ ከነአምፕሊፋየሩ ገዝቶ አስገጥሟል። በሱቁ ደጃፍ በቆመች አነስተኛ የቤት መኪና ውስጥ ሲሰማው ደረትን ይመታ የነበረው ድምፅ በሚኒባሱ ውስጥ ሰለለ። ይባስ ብሎ፣ ከበሮው በተመታ ቁጥር የመኪናው የፊት መብራት ይፈዝዛል። ወንድሙ ተቆጥቷል፤ ጎማውም አልተገዛም። «ዶክተር፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ 1200 ዋቱ የት ገባ?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም መልሱ ከኤሌክትሪክ፣ ከሞገድና ከጋዝ ሕግጋት የተውጣጣ ነው። የሚያስፈልገውም ስሌት ከ2ኛ ደረጃ ትምህርት ብዙም የራቀ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ በተለምዶ «ቤዝ» የምንለው ሰብዉፈር እንዴት እንደሚሠራና ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ምን ምን ማየት እንደሚገባን እንመለከታለን።

ዝቅተኛ ድምፅ ለምን ልዩ መሣሪያ ይሻል?

ሰብዉፈር በአብዛኛው ከ20 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ ያለውን የድምፅ ክልል እንዲያሰማ የተሠራ ስፒከር ነው። ከጀርባው በማግኔት መካከል የተቀመጠ የሽቦ ጥቅል አለ። ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት በጥቅሉ ውስጥ ሲያልፍ ማግኔቱ ጥቅሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከጥቅሉ ጋር የተያያዘው ኮን የሚባለው ሾጣጣ ሽፋንም አየሩን ይገፋል።

ጆሯችን ለሁሉም ድግግሞሽ እኩል ንቁ አይደለም። በ1000 ኸርዝ 40 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሰላማዊ ክፍል ውስጥ በደንብ ይሰማል። በ40 ኸርዝ ግን ያንኑ ያህል ጎልቶ እንዲሰማን ወደ 83 ዴሲቤል የሚጠጋ ድምፅ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል፣ በገላጣ ቦታ ላይ ያለ ስፒከር ድግግሞሹ በግማሽ ሲቀንስ የቀድሞውን የድምፅ ግፊት ለመስጠት ኮኑ አራት እጥፍ ርቀት መንቀሳቀስ አለበት። ትንሹ የበር ስፒከር ይህን ማድረግ አይችልም። ሰፊ ኮንና ረጅም ምልልስ ያለው ሰብዉፈር ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ዋቱን በፊውዝ መመዘን

ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ። በካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ መሣሪያው ለቅጽበት ሊደርስበት ይችላል የተባለውን ጣሪያ የሚያመለክት ነው። ጠቃሚው ቁጥር በመመሪያው ውስጥ «አር.ኤም.ኤስ.» በሚል የሚገለጸው፣ መሣሪያው ሳይቋረጥ ሊሰጠው የሚችለው ኃይል ነው። ይህ ካልተጻፈ ወይም ካጠራጠረን በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን ፊውዝ እናንብብ። ፊውዝ ማስታወቂያ አያውቅም።

የኤሌክትሪክ ኃይል የቮልቴጅና የፍሰት ብዜት ነው። ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው ቮልቴጅ ወደ 13.8 ቮልት ገደማ ነው። ከተማሪያችን ጋር ወርደን ያየነው ፊውዝ 20 አምፒር ይላል። እንግዲህ አምፕሊፋየሩ ሳይቋረጥ ሊወስድ የሚችለው 13.8 × 20 = 276 ዋት ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በቀድሞው አሠራር የተሠራ አምፕሊፋየር 60 በመቶ ያህሉን ለስፒከሩ ቢያደርስ 165 ዋት፣ አዲሱና ቀልጣፋው ዓይነት 80 በመቶ ቢያደርስ 220 ዋት ይሆናል። ፊውዝ ለአጭር ጊዜ ከተጻፈበት በላይ ሊያሳልፍ ስለሚችል ስሌቱ ግምት ነው፤ ይሁን እንጂ 165ን 1200 ሊያደርገው አይችልም።

ለመሆኑ እውነተኛ 1200 ዋት ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? በ80 በመቶ ቅልጥፍና እንኳ 1500 ዋት ከመኪናው መውሰድ ይኖርበታል። ይህም ወደ 109 አምፒር ነው። የብዙ አነስተኛ መኪናዎች ዲናሞ መብራቱን፣ የሞተሩን ማቀጣጠያና ሌላውንም ጨምሮ ከ60 እስከ 100 አምፒር ያህል ብቻ ያመነጫል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የተማሪያችን መብራት የፈዘዘው በ20 አምፒር ነው፤ ባትሪው ያረጀ፣ ወደ አምፕሊፋየሩ የተዘረጋውም ሽቦ የቀጠነ ስለነበረ ቮልቴጁ በእያንዳንዱ ምት ይወርድ ነበር።

የዋት ዋጋም እንደሚገመተው አይደለም። ኃይሉን እጥፍ ብናደርገው የድምፁ ደረጃ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ከ165 ወደ 1200 ዋት ብንወጣ እንኳ ጭማሪው 8.6 ዴሲቤል ነው።

የተገፋው አየር መጠን

አንድ ሰብዉፈር ሊሰጥ የሚችለውን የቤዝ መጠን የሚወስነው በአንድ ምልልስ የሚገፋው አየር ነው፤ ይኸውም የኮኑ ስፋት በሚንቀሳቀሰው ርቀት ሲባዛ የሚገኘው ይዘት ነው። የ12 ኢንች ሰብዉፈር ኮን ውጤታማ ስፋት 480 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የ10 ኢንቹ ደግሞ 330 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የ12 ኢንቹ ኮን ወደ አንድ ወገን 5 ሚሊ ሜትር ብቻ መሄድ የሚችል ከሆነ የሚገፋው አየር 0.24 ሊትር ነው። በደንብ የተሠራ 10 ኢንች 10 ሚሊ ሜትር ቢሄድ 0.33 ሊትር ይገፋል። ትንሹ ትልቁን በለጠው ማለት ነው። ስለዚህ ኢንቹን ብቻ አይቶ መግዛት ቁመት ብቻ አይቶ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እንደ መምረጥ ነው።

መኪናው ራሱ የመሣሪያው አካል ነው

በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የድምፅ ፍጥነት በሴኮንድ 343 ሜትር ስለሆነ፣ የ40 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 8.6 ሜትር ነው። የቤት መኪና ውስጠኛ ክፍል 3 ሜትር ያህል ቢሆን ግማሽ ሞገድ እንኳ አይችልም። በዚህ ሁኔታ ድምፁ እንደ ሞገድ ከመጓዝ ይልቅ በክፍሉ ያለው አየር በሙሉ በአንድነት ይጨመቃል፣ ይላላል። መኪናው እንደ ትልቅ መርፌ፣ ኮኑም እንደ መርፌው መግፊያ ይሆናሉ። የግፊቱ ለውጥ ከከባቢው የአየር ግፊት፣ ከ1.4 እና ከተገፋው አየር ለክፍሉ ይዘት ካለው ድርሻ ብዜት ይገኛል።

3000 ሊትር ይዘት ባለው፣ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ 0.48 ሊትር አየር የሚገፋ ሰብዉፈር በባሕር ጠለል ላይ 23 ፓስካል ገደማ ከፍተኛ ግፊት ይፈጥራል። ይህም 118 ዴሲቤል ያህል ነው። የአየሩ ማምለጫዎች በተግባር ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል። የክፍሉ ይዘት ሦስት እጥፍ በሆነ ሚኒባስ ውስጥ ግን ያው ሰብዉፈር የሚፈጥረው ግፊት አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ 9.5 ዴሲቤል ይሆናል። በየፌርማታው በሩ ሲከፈት ደግሞ የቀረውም ይወጣል። ተማሪያችን በሱቁ ደጃፍ ያደነቀው እንግዲህ ሰብዉፈሩን ብቻ ሳይሆን ትንሿን መኪና ጭምር ነበር።

የአዲስ አበባ ከፍታና ሣጥኑ

ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች የሚጻፉት ለባሕር ጠለል አየር ነው። በዚያ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን በአዲስ አበባ ግን 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ከላይ እንዳየነው የድምፁ ግፊት ከከባቢው ግፊት ጋር ስለሚመጣጠን፣ ያው ኮን ያንኑ ርቀት ተንቀሳቅሶ በአዲስ አበባ የሚሰጠው ድምፅ በ2.4 ዴሲቤል ያንሳል።

ሣጥኑም ይነካል። ሰብዉፈር ያለ ሣጥን ቢሠራ ከኮኑ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ የፊቱን ያጠፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የታመቀው አየር ለኮኑ እንደ ጥሩ ሞላ እንደሚያገለግል በሠራው ስፒከር አሳየ። የዚህ የአየር ሞላ ጥንካሬ ከአየሩ ግፊት ጋር ይጨምራል፤ ከሣጥኑ ይዘት ጋር ደግሞ ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ሞላው በአንድ አራተኛ ገደማ ይላላል፤ ስለሆነም ለባሕር ጠለል 30 ሊትር የታዘዘው ዝግ ሣጥን በአዲስ አበባ ያንኑ ጥንካሬ የሚሰጠው 23 ሊትር ቢሆን ነው። 30 ሊትሩ እንዳለ ከተሠራ ኮኑ በተመሳሳይ ኃይል ይበልጥ ርቆ ሊሄድና ቶሎ ከገደቡ ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛው ዓይነት ቱቦ የተገጠመለት ሣጥን ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሣጥኑ ያለው እንደ ሞላ ሆነው በአንድ በተመረጠ ድግግሞሽ ይወዛወዛሉ። ከፍታ ይህን ድግግሞሽ አይለውጠውም፤ ሞላው በላላ መጠን በቱቦው ያለው አየር ክብደትም በዚያው መጠን ስለሚቀንስ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። ይህ ሣጥን በተመረጠው ድግግሞሽ አካባቢ በአነስተኛ ኃይል ጎላ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ነገር ግን ከዚያ በታች ላለ ድምፅ ኮኑ ደጋፊ ስለሚያጣ በቀላሉ ይጎዳል። አነስተኛ ሣጥን፣ በጣም ዝቅ ያለ ቤዝና ጥቂት ኃይል ሦስቱም በአንድነት አይገኙም፤ ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን ይተዋል።

ጆሮ መለዋወጫ የለውም

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ወሰን ለጆሮ ንቃት በተስተካከለ መለኪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 ለ4 ሰዓት፣ በ94 ለ1 ሰዓት፣ በ100 ለ15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። በዴሲቤል እኩል ቢሆኑ ዝቅተኛው ድምፅ ከመካከለኛው ያነሰ ጉዳት አለው። ሆኖም ሰው ቤዙ አነሰኝ ብሎ የሚያዞረው መቆጣጠሪያ ሁሉንም ድምፅ አብሮ ይጨምራል። ተሳፋሪው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ ሾፌሩና ረዳቱ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው። የጠፋ የመስማት ሕዋስ ደግሞ በሰው ላይ ዳግም አይበቅልም።

ከመክፈላችን በፊት

ከላይ ያየነውን እንደሚከተለው እናጠቃልለዋለን።

1. የ«አር.ኤም.ኤስ.» ዋቱን እንጠይቅ፤ በፊውዙም እናረጋግጥ።
2. የኮኑን ስፋት ብቻ ሳይሆን የሚንቀሳቀስበትን ርቀት ከመመሪያው እንመልከት።
3. የሰብዉፈሩ ኦም አምፕሊፋየሩ ከሚፈቅደው በታች እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ሁለት ባለ 4 ኦም ሰብዉፈሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ የሚወስዱትም ፍሰት እጥፍ ይሆናል።
4. ሣጥኑ በመመሪያው ይዘት መሠረት፣ ከፍታችንም ታስቦ፣ አየር እንዳያሾልክ ሆኖ ይሠራ።
5. ዕቃውን በሱቁ መኪና ሳይሆን በራሳችን መኪና ውስጥ እንስማው።

ተማሪያችን ሁለተኛ አምፕሊፋየር ለመግዛት አስቦ ነበር። ስሌቱን አብረን ከሠራን በኋላ ሐሳቡን ተወ። ሽቦውን በወፍራም ቀየረ፣ የሣጥኑን ስንጥቅ በሙጫ ደፈነ። በቀረው ገንዘብ ጎማውን ገዛ።

መልመጃ፦ በድሬዳዋ የአየር ግፊቱ 88 ኪሎ ፓስካል ነው ብንል፣ አንድ መኪና ከአዲስ አበባ ወደዚያ ቢወርድ የቤዙ ድምፅ በስንት ዴሲቤል ይጨምራል? ባለ 30 አምፒር ፊውዝ፣ ቅልጥፍናው 60 በመቶ የሆነ አምፕሊፋየርስ ስንት ዋት ይሰጣል? (መልስ፦ ወደ 1.2 ዴሲቤል፤ ወደ 248 ዋት።)