ጅቡቲ ወርዳችሁ ስትዝናኑ፦ ጓደኛችሁ ሰክሯል ወይስ ሙቀት መትቶታል?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ዶክተር፣ ለሦስት ቀን ጅቡቲ ልንወርድ ነው፣ ማታ ማታ ትንሽ እንዝናናለን፤ ምን እንጠንቀቅ?» የሚል ጥያቄ ደርሶኛል። አትሂዱ አልልም። ባሕሩን እያዩ አመሻሽቶ ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ካሉት ቡና ቤቶች ጎራ ማለት ደስ ይላል (አደባባዩ በነጻነቱ ቀን በጁን 27 ስም ተሰይሟል፤ የድሮው ስሙ ግን አልጠፋም)።

ችግሩ የአዲስ አበባ አጠጣጥ እዚያ አይሠራም። እኛ የምንኖረው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ጅቡቲ ወደብ ከባሕሩ እኩል ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ቀን ቀን 40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፣ ማታውም እፎይ አያሰኝም። ሰውነት ለእንዲህ ያለ ሙቀት ለመላመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እናንተ ደግሞ ያላችሁ ሦስት ቀን ነው።

ላብ የሚያቀዘቅዘን ሲተን ነው። የባሕር ዳርቻ አየር እርጥበቱ ከባድ ስለሆነ ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፤ ውሃው ይወጣል፣ ሙቀቱ ግን አይወርድም። አልኮል ደግሞ ኩላሊትን «ውሃ ቆጥብ» የሚለውን ሆርሞን ያፍናል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ቢራ ጉሮሮን ቢያረካም የወጣውን ውሃ በደንብ አይተካም። ቀን ጫት ቅሞ ማታ ጨብሲ ለሚል ሰው ይብሳል፤ ጫት ራሱ የልብ ምትንና የሰውነት ሙቀትን ይጨምራል፣ ድካምንም ይደብቃል።

አሁን ዋናው ነገር። ጓደኛችሁ ጠረጴዛ ላይ ተደፋ፣ ወሬው ተምታታ። «ሰክሯል፣ ተዉት ይተኛ» እንዳትሉ! ግንባሩንና ደረቱን ንኩት። እንደ እሳት የሚፋጅ ከሆነና ከተወላገደ፣ ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ ሂት ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ይገድላል። «ካላበው ሂት ስትሮክ አይደለም» የሚባለው ስህተት ነው። ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ፣ ወይም መኪና ፈልጉ። እስከዚያው ልብሱን አውልቁለት፣ መላ ሰውነቱን ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት፣ በረዶ ካለ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት፤ ምንም አታጠጡት። ፓራሲታሞል ይሄን ሙቀት አያወርድም።

ለመዝናናቱማ፦ የመጀመሪያውን ማታ ቀለል አድርጉት። በሁለት ቢራ መሀል አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ። ባዶ ሆድ አትጀምሩ፤ እዚያ የየመን አሠራር ዓሣ ከነቂጣው አለላችሁ፣ እሱን ብሉ። ጠጥቶ ባሕር መግባት ግን በጭራሽ፣ «ዋና እችላለሁ» ባዩም ጭምር።

ከመሀላችሁ ኢንሱሊን የሚወስድ ካለ ሁላችሁም እወቁ፤ አልኮል ስኳሩን ሊያወርደው ይችላል፣ እሱም ልክ ስካር ይመስላል። መለኪያ ማሽኑን ሆቴል ትቶ እንዳይወጣ።