ጥሪን መለየት



አንድ ወጣት ከቅዳሴ በኋላ ቀረብ ብሎ «አባ፣ እግዚአብሔር ለወንጌል ተልእኮ የጠራኝ ይመስለኛል» ቢል ምን ሊመለስለት ይገባል? ክህነት በተቀበልኩ በሁለተኛው ዓመት እንዲህ ያለ ወጣት ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ደስታዬ ከማስተዋሌ ቀደመና በሦስት ሳምንት ውስጥ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፌ ወደ አንድ የሚሲዮናውያን ማኅበር ሰደድሁት። ዓመት ሳይሞላው ተመለሰ። መመለሱ ነውር አልነበረም፤ ነገር ግን መንደሩ «የተባረረው» እያለ ስለ ጠራው ለብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ራቀ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ስሜቱን ሰማሁ እንጂ ኑሮውን አልጠየቅሁም። አባቱ ገና በዚያው ዓመት እንደ ሞተበት እንኳ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት በተጠራ ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ (1ሳሙ 3)። ድምፁ እውነተኛ ነበር፤ ብላቴናው ግን የማን እንደ ሆነ አልለየም። ነገሩን ያስተዋለው ዔሊ ነው፤ እርሱም ሁለት ጊዜ ተመልሶ እንዲተኛ ካዘዘው በኋላ በሦስተኛው። ዔሊ ዓይኑ የፈዘዘ፣ በገዛ ቤቱም ጉድለት የነበረበት ሽማግሌ መሆኑ ለእኛ ለመካሪዎች መጽናኛ ነው። በአንጾኪያም ጳውሎስና በርናባስ በገዛ ፈቃዳቸው ብቻ አልተነሡም፤ ማኅበረ ምእመናኑ ጾሞና ጸልዮ እጅ ጭኖባቸው ላካቸው (ሐዋ 13፥1-3)።

ለሀገራችን የቀረበው ምስክር ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ እያለ የሚጠራው ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 በደቡብ ኢጣሊያ ተወልዶ በ18 ዓመቱ ወደ ላዛሪስት ማኅበር ገባ፤ በ1824 ካህን ሆነ። ከዚያ በኋላ 15 ዓመት ያህል የደከመው በገዛ ሀገሩ ሰዎች መካከል ነበር፤ ኔፕልስን ኮሌራ በመታት ጊዜም ሕሙማንን አገልግሏል። በ1839 ዓድዋ ሲደርስ ቋንቋ ለመማር ተቀመጠ፤ እንደ ሀገሩ መነኮሳት ለበሰ፤ ሥርዓተ ግዕዝን አከበረ፤ እንደ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ካሉ ሊቃውንት ጋር በትሕትና ተወያየ። የጵጵስናን ማዕረግ ሲሸሽ ቆይቶ በ1849 በምጽዋ ከአቡነ ማስያስ እጅ ተቀበለ። በ1860 ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋ ሲወጣ በመንገድ ላይ ዐረፈ። በዓድዋ የታየው ትሕትና በኔፕልስ በሕሙማን አልጋ አጠገብ የተለመደ ነበር። በሰፈሩ በሽተኛ ጠይቆ የማያውቅ ሰው ባሕር ስለ ተሻገረ ብቻ ይለወጣል ብዬ አላምንም።

ደግሞም መሄድን መፈለግ ሁሉ ሂድ ማለት አይደለም። ጌታ ከአጋንንት ያዳነው ሰው አብሮት ይሆን ዘንድ ለመነው፤ ጌታ ግን ወደ ቤተ ሰቡ ሰደደው፤ እርሱም በዐሥሩ ከተሞች መሰከረ (ማር 5፥18-20)። ልመናው መልካም ነበር፤ ተልእኮውም አልቀረበትም፤ ቦታው ብቻ ሌላ ሆነ። እናቱን የሚጦር የበኩር ልጅ ይህን ምንባብ ደጋግሞ ያንብበው።

እንግዲህ፣ ካቴኪስቶች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ወጣት ሲመጣ አታቀዝቅዙት፤ አታጣድፉትም። ፍላጎቱ ከበዓሉ ዝማሬ በኋላ፣ በሥራ በሚደክምበት ወራትም ይኖር እንደ ሆነ ቢያንስ አንድ ዓመት ተመልከቱ። ማንም በማያየው ሥራ ይገኛልን? ከተጣላው ጋር ይታረቃልን? ወደ ሩቅ ሀገር ሳይሆን ወደ ጎረቤት ቁምስና ቢላክ ደስ ይለዋልን? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ስጠይቅ ፊታቸው የሚጠቁር ብዙዎች ናቸው፤ የሚስቁም አሉ፤ በሚስቁት ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ዛሬ የድጋፍ ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ወደ ወጣቱ ቤት ሄጄ ቡና እጠጣለሁ። እናቲቱ ስለ ልጃቸው የሚነግሩኝ፣ አንዳንዴም ዝም የሚሉት፣ ልጁ ራሱ ከነገረኝ ይልቅ ይጠቅመኛል። ከዚያ የመጀመሪያ ወጣት ጋር በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በገበያ እንገናኛለን፤ ስለ ልጆቹ ያጫውተኛል፤ ስለዚያ ደብዳቤ ግን እስካሁን አንሥተን አናውቅም።